ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የሌላውን ሰው ንግግር ስለ ማስተላለፍ

መግቢያ

በየቀኑ ከምንናገረው ብዙው ከሌላ ሰው የሰማነው ነው። እናታችን ያለችውን ለአባታችን፣ መምህሩ ያዘዘውን ከክፍል ለቀረ ጓደኛችን እናደርሳለን። መልእክት አድራሽ ቃል እንዳይጨምርና እንዳይቀንስ ይጠነቀቃል፤ ከዚህም ሌላ ቃሉ የማን እንደ ሆነ ለይቶ ማሳወቅ ይገባዋል። የዛሬው ትምህርታችን ይህን ይመለከታል። አስቀድማችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ፦ የጎማው ዋጋ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከአውራ ጎዳና ዳር ባለ አንድ ቁርስ ቤት፣ የጭነት መኪና ባለንብረቶች በየጧቱ እየተገናኙ ይጨዋወታሉ። አንድ ረቡዕ ጧት አንድ ወጣት ረዳትና አንድ ጎልማሳ ባለ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ አንድ ሽማግሌ ባለ መኪና ገቡ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?» አለ ጎልማሳው ብድግ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ኧረ ቁጭ በል! ምን አዘዛችሁ?»

«እኔ ጨጨብሳ በቅቤ አዝዤ ነበር፤ ዕለቱ ጾም መሆኑን አስተናጋጇ ብታስታውሰኝ በፉል ለወጥኩት።»

«ደግ አደረገች። ለእኔም ፉል ይምጣልኝ፤ ቃሪያው በዛ ይበል። ለመሆኑ ከጂቡቲ መቼ ገባህ?»

«ትናንት ማታ ገባሁ። ሚሌ ላይ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎን ነበር። ቤቴ ደርሼ የባለቤቴን ሽሮ ስቀምስ ነው አገሬ መግባቴ የታወቀኝ።»

«የመንገድ ምግብ ያጠግባል እንጂ አያረካም» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ኤንትሬ በምነዳበት ዘመን የምንመላለሰው ወደ አሰብ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን መንገዳችን ወደ ጂቡቲ ዞረ።»

«ባቡሩስ ሥራችሁን አልቀነሰባችሁም?» ሲል ወጣቱ ጠየቀ።

«አዲሱ የባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ሠግተን ነበር» አለ ጎልማሳው። «ይሁን እንጂ ባቡር በየመጋዘኑ በር አይቆምም። ጭነቱን ከጣቢያው አንሥቶ የሚያደርሰው ያው የእኛው መኪና ነው።»

ወጣቱ የሚሠራው በአጎቱ መኪና ላይ ነው። አጎቱና ሽማግሌው የረጅም ጊዜ ወዳጆች ናቸው። ባለፈው ሳምንት የአጎቱ መኪና ጎማ መንገድ ላይ ስለ ፈነዳ፣ ሽማግሌው አዲስ ጎማ በዱቤ ሰጥተው ነበር። ወጣቱ ይህ ትዝ አለውና፣ «ጋሼ፣ ስለ ጎማው ትናንት ከአጎቴ ጋር በስልክ ተነጋግረናል። የጎማውን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ ብለዋል» አለ። ሆኖም በዚያው ቅጽበት በበሩ ፊት ያለፈ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ስለ ነፋ፣ የመጨረሻው ቃል ለሽማግሌው አልተሰማቸውም።

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ።

«አንተ ትከፍላለህ? ከረዳት ደመወዝ ላይ? ያን ሁሉ ዘመን ወዳጄ ያልኩት ሰው ዕዳውን በእኅቱ ልጅ ላይ ይጭናል?» ብለው ስልካቸውን አወጡ።

ከወጣቱ አጠገብ የነበረው ጎልማሳ እጁን ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ ይታገሡ!» አለ። «ልጁ ‹እኔ እከፍላለሁ ብለዋል› ነው ያለው። መጨረሻውን ጥሩምባው ዋጠብዎ። ከፋዩ አጎቱ ናቸው።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ «በአንድ ቃል ምክንያት ወዳጄን ላስቀይም ነበር» አሉ። ከዚያም ሳሕኑን ወደ ወጣቱ አስጠግተው፣ «ብላ ልጄ። ሁለተኛ ግን የሰው ቃል ስታደርስ መጀመሪያ የባለቤቱን ስም ጥራ» አሉት።

ለ. ማብራሪያ

የሌላው ሰው ንግግር የሚተላለፈው በሁለት መንገድ ነው።

1. ቀጥተኛ ንግግር፦ የተናጋሪው ቃል ሳይለወጥ እንዳለ የሚጠቀስበት ነው። በጽሑፍ ሲቀርብ በትእምርተ ጥቅስ (« ») ውስጥ ይገባል።

2. ኢቀጥተኛ ንግግር፦ የተናጋሪው ሐሳብ በአስተላላፊው አነጋገር የሚቀርብበት ነው። ትእምርተ ጥቅስ አያስፈልገውም፤ መደቡ፣ ግሡና ጊዜ አመልካቹ ቃል ግን እንደ ሁኔታው ይለወጣሉ። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

ቀጥተኛ፦ አጎቱ «የጎማውን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ» አሉ።
ኢቀጥተኛ፦ አጎቱ የጎማውን ዋጋ ራሳቸው እንደሚከፍሉ ተናገሩ።

ቀጥተኛ፦ ጎልማሳው «ትናንት ማታ ገባሁ» አለ።
ኢቀጥተኛ፦ ጎልማሳው በዋዜማው ማታ እንደ ገባ ተናገረ።

ቀጥተኛ፦ ሽማግሌው «ከጂቡቲ መቼ ገባህ?» አሉት።
ኢቀጥተኛ፦ ሽማግሌው ከጂቡቲ መቼ እንደ ገባ ጠየቁት።

ቀጥተኛ፦ ሽማግሌው «ለእኔም ፉል ይምጣልኝ» አሉ።
ኢቀጥተኛ፦ ሽማግሌው ለእሳቸውም ፉል እንዲመጣላቸው አዘዙ።

ከምሳሌዎቹ እንደምትረዱት፣ ዜናና ጥያቄ ሲተላለፉ ግሡ «እንደ» ወይም «እንደሚ» የሚለውን ይይዛል፤ ትእዛዝ ሲተላለፍ ደግሞ «እንዲ» የሚለውን ይይዛል። በኢቀጥተኛ ንግግር የጥያቄ ምልክት ይቀራል።

አሁን ወደ ምንባቡ እንመለስ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያስቀምጠው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ «እኔ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ስንሰማ «እኔ» የተባለው ማን እንደ ሆነ የሚገልጥልን ከኋላ የሚመጣው «አለ»፣ «አሉ» ወይም «ብለዋል» ነው። በንግግር ጊዜ ደግሞ ትእምርተ ጥቅስ አይታይም። ወጣቱ የሰዋስው ስሕተት አልሠራም፤ ነገር ግን የቃሉን ባለቤት መለያ በአንድ የመጨረሻ ቃል ላይ ብቻ ስላንጠለጠለው፣ ያ ቃል ሲጠፋ «እኔ» የእሱ ሆነ። «አጎቴ የጎማውን ዋጋ ራሳቸው እንደሚከፍሉ ነግረውኛል» ቢል ኖሮ፣ የመጨረሻው ቃል ባይሰማ እንኳ ከፋዩ ይታወቅ ነበር።

እንግዲህ ተናጋሪ የቃሉን ባለቤት አስቀድሞ ይጥራ፤ ሰሚም ማሰሪያ አንቀጹን ሳይሰማ አይፍረድ።

ሐ. መልመጃ

1. ሽማግሌው የተቈጡት በምን ምክንያት ነው? በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሱ።

2. የሚከተሉትን ወደ ኢቀጥተኛ ንግግር ለውጡ።
   ሀ. ወጣቱ «ነገ ወደ ሞጆ እሄዳለሁ» አለ።
   ለ. አስተናጋጇ «ሻይ ልጨምርልዎ?» ስትል ሽማግሌውን ጠየቀች።
   ሐ. አጎቱ ወጣቱን «ዘይቱን ለካ» አሉት።

3. «ጓደኛዬ መጽሐፉን እኔ ወስጃለሁ አለ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር፣ መጽሐፉን የወሰደው ማን እንደ ሆነ ምንም ጥርጥር እንዳይኖር አድርጋችሁ በሁለት መንገድ ጻፉ።

4. በሰፈራችሁ ሰዎች ጧት ተገናኝተው ሲጨዋወቱ የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ። ግማሹን በቀጥተኛ፣ ግማሹን በኢቀጥተኛ ንግግር አቅርቡ። ጽሑፋችሁን ለጓደኛችሁ አንብቡለትና እያንዳንዱ ቃል የማን እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ከተጠራጠረ፣ ያን ዐረፍተ ነገር እንደገና አስተካክላችሁ ጻፉት።