ባዶው ወንበርና ሁለቱ ገዢዎች፤ ስለ ዶሃ የአትሌቲክስ ሻምፒዮና የቀረበ የንግድ ጥናት

አንድ ዕቃ ገዢ ያጣ እንደሆነ ነጋዴው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ዕቃውን፥ ቀጥሎም ዋጋውን ነው። ይህ አሳብ ብዙ ጊዜ እውነት ቢሆንም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዕቃው ያማረ፥ ዝናውም በዓለም የተሰማ ሆኖ ሳለ ገበያው ጭር የሚልበት ጊዜ አለ። በ2012 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019) በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ የተደረገው 17ኛው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ፥ ለአስመጪና ለላኪ፥ ለባለሱቅም የሚጠቅመውን ከውስጡ አውጥተን እንመልከት።

ውድድሩ ከመስከረም 16 እስከ መስከረም 25 ቀን በኸሊፋ ዓለም አቀፍ ስታዲየም ተደረገ። ስታዲየሙ አርባ ሺሕ ያህል ሰው የሚይዝ ሲሆን፥ አዘጋጆቹ የላይኛውን ደርብ በጨርቅ ሸፍነው መቀመጫውን ወደ 21,000 ገደማ አወረዱት። እንዲህም ተደርጎ ወንበሩ አልሞላም። መስከረም 18 ቀን እሑድ ሌሊት የሴቶች የ100 ሜትር ፍጻሜ ተደርጎ ጃማይካዊቷ ሼሊ አን ፍሬዘር ፕራይስ በ10.71 ሰከንድ ስታሸንፍ፥ ከዚያም ትንሹን ልጇን ይዛ ሜዳውን ስትዞር፥ እጇን የምታውለበልብለት ወንበር አብዛኛው ባዶ ነበረ። በማግሥቱ ብዙ ጋዜጦች ስለ ፍጥነቷ የጻፉትን ያህል ስለ ባዶው ወንበር ጻፉ።

ዕቃው መጥፎ ነበረን? አልነበረም። በወንዶች አሎሎ ውርወራ አንደኛው 22.91 ሜትር፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው 22.90 ሜትር ወርውረው፥ ወርቁ ከነሐሱ የተለየው በአንድ ሳንቲ ሜትር ነው። በሴቶች የ400 ሜትር መሰናክል አሜሪካዊቷ ዳሊላ መሐመድ በ52.16 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። ከዚህ የተሻለ ዕቃ ለገበያ ሊቀርብ አይችልም።

እንግዲህ ምክንያቱን ከሰዓቱ እንጀምር። ያ የ100 ሜትር ፍጻሜ የተደረገው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ነው። የዶሃ ሰዓት ከአዲስ አበባ ሰዓት ጋራ አንድ ስለሆነ፥ አንባቢው የራሱን ከተማ አስቦ ሊፈርድ ይችላል። በኳታር የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ እሑድ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው፤ በማግሥቱ ማልዶ ሥራ የሚገባ ሰው፥ ልጆቹንም ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው፥ በእኩለ ሌሊት ስታዲየም አይቀመጥም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት በለንደን ገና ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20፥ በፓሪስና በበርሊን ደግሞ 4 ሰዓት ከ20 ነበረ። አዘጋጆቹ ራሳቸው መርሐ ግብሩ ለዓለም የቴሌቪዥን ተመልካች እንዲስማማ ሆኖ መዘጋጀቱን ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ጠቅሰዋል።

ነገሩ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዕቃ ለሁለት ገዢዎች ተሽጦአል። አንደኛው ገዢ የቴሌቪዥን ድርጅቱና ማስታወቂያውን የሚያሠራው ኩባንያ ሲሆን፥ ውሉን የሚፈርመው ቀደም ብሎ ነው። ሁለተኛው ገዢ በበሩ የሚገባው ባለ ቲኬት ነው። ሻጩ ለትልቁ ገዢ ሲል የትንሹን ገዢ ሰዓት ሠዋ። ሒሳቡን በመዝገብ ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ትክክል ይመስላል፤ በዶሃ የአሸናፊው ሽልማት 60,000 የአሜሪካ ዶላር ስለነበረ ወንበሩ ቢሞላም ባይሞላም ያው ነበረና። ነገር ግን በቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው የሚፈልገው ሩጫውን ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡን ጩኸትና ሆታም ይፈልጋል። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ለትልቁ ገዢ የተሸጠው ዕቃ ራሱ ጎደሎ ሆነ። ትንሹ ገዢ ለካ የዕቃው አንድ ክፍል ኖሮአል።

ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ነጋዴ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ዕቃውን ለውጭ አስመጪ ሸጦ ገንዘቡን የተቀበለ ላኪ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የአስመጪው ደንበኛ ከመደርደሪያው ላይ ያላነሣው ዕቃ ግን ሁለተኛውን ትእዛዝ ያስቀራል። የፊተኛው ክፍያ ገብቶ የኋለኛው ትእዛዝ የቀረባቸው ሰዎች በየገበያው አሉ።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ከግንቦት 2009 እስከ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ፥ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፥ ባሕሬንና ግብፅ ከኳታር ጋራ ያላቸውን መንገድ ዘግተው ስለነበረ የቅርቡ ጎረቤት ሊመጣ አልቻለም። ሙቀቱን ለመሸሽ ሻምፒዮናው ከተለመደው የበጋ ወራት ወደ መስከረም በመዛወሩም የአውሮፓ ሰው ፈቃዱን ጨርሶ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገብቶ ነበረ። ስታዲየሙ በማቀዝቀዣ ቢበርድም መንገዱ አልበረደም፤ እኛ ደመራ በለኮስንበት ዕለት እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው የተነሡት 68 የማራቶን ሴቶች በሙቀቱና በወበቁ ተሸንፈው 28ቱ አቋርጠዋል፤ ከአቋረጡትም መካከል ሦስቱም የኢትዮጵያ ሯጮች ነበሩ።

ወንበሩ ሞቅ ያለበት ጊዜ መኖሩን ግን መርሳት አይገባም። መስከረም 23 ቀን የኳታሩ ተወላጅ ሙታዝ ባርሺም በከፍታ ዝላይ 2.37 ሜትር ዘልሎ ሲያሸንፍ ስታዲየሙ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበረ። ቀኑ ዓርብ ስለነበረ ነው እንዳንል የመክፈቻውም ቀን ዓርብ ነበረ፤ እንዲያ ግን አልሞላም። ሕዝቡን የጠራው የራሱ ሰው ነው። እንደዚሁም መስከረም 19 ቀን ሙክታር እድሪስ በ5,000 ሜትር አንደኛ፥ ሰሎሞን ባረጋ ሁለተኛ ሲሆኑ፥ በኳታር ለሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሰንደቅ ዓላማቸውን ይዘው ባዶውን ወንበር በዜማና በእልልታ ሸፈኑት። እነዚህ ሰዎች ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች አልነበሩም፤ በዚያው ከተማ የሚኖሩ፥ ለማየትም የጓጉ ነበሩ። በርበሬና ሽሮ ወደ ዓረብ አገሮች የሚልኩ ነጋዴዎቻችን ይህን ገበያ ከማንም በፊት ያውቁታል።

የላይኛውን ደርብ በጨርቅ ስለ መሸፈኑ በእኛ በኩል ነቀፌታ የለንም፤ ባለሱቅም ዕቃ ሲያንሰው ያለውን ወደ ፊት አምጥቶ ይደረድራል። ሠራተኞችንና ተማሪዎችን በነጻ ስለ ማስገባቱ የተዘገበው ግን የሚያጠያይቅ ነው። በነጻ የገባ ሰው ወንበር ይሞላል እንጂ ለሚቀጥለው ዓመት ገበያ ምልክት አይሆንም፤ በመዝገብም ሲገባ ከከፈለው ሰው ጋራ በአንድ ዓምድ ሊጻፍ አይገባውም። በየባዛሩ «ይህን ያህል ጎብኚ መጣ» የሚባለውን ቁጥር ስንሰማ፥ ስንቱ እንደከፈለና ስንቱ ዕቃ እንደገዛ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በንጽጽር ደግሞ ከዶሃ በፊት በ2009 ዓ.ም. በለንደን ከ700,000 በላይ ቲኬት ተሽጦ ነበረ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በቶኪዮ ሻምፒዮናው በዘጠኝ ቀን 619,288 ተመልካች አገኘ። በቶኪዮ አብዛኛው ፍጻሜ የተደረገው በከተማው ምሽት ሲሆን፥ በአውሮፓ ገና ቀን ነበረ፤ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ግን ውድድሩን ከመግዛት አልተከለከለም። ስለዚህ ባዛር ወይም የንግድ ትርኢት ላይ ቦታ ለመከራየት ያሰበ ነጋዴ፥ የቦታውን ኪራይ ከመጠየቁ በፊት በሩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፥ በዚያም ሰዓት የሰፈሩ ሰው የት እንደሚውል ይጠይቅ።