መጀመሪያ ሣሩን በጣታችሁ ጠምጥሙት

ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ከሳሎኔ ጣሪያ የሚንጠለጠል የመብራት ሽፋን በገዛ እጄ ልሠራ ቆርጬ ተነሣሁ። የፋብሪካ ፕላስቲክ አላማረኝም። አያቴ መሶብ ትሰፋባቸው በነበሩት በስንደዶና በአክርማ፣ በዚያው በጥንቱ አሰፋፍ፣ ነገር ግን እንጀራ ሳይሆን ብርሃን የሚይዝ ስፌት ነበር በዓይኔ የሚዞረው። ወረቀት አወጣሁ፣ ሣልኩ፣ ቀለም መረጥኩ። ሣሩንም ገዛሁና ቀዩን አለላ ከነጩ አክርማ ጋር በአንድ ሳፋ ውኃ ዘፍዝፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ውኃው ደም መስሏል። ነጩ ሣር በሙሉ ሮዝ ሆኗል።

ሳፋው ፊት ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ያን ጠዋት ትቼው ቢሆን ኖሮ «እኔ የእጅ ሙያ አይሆንልኝም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዕድሜ ልኬን ይዤው እዞር ነበር። አልተውኩትም። ሳልነክረው ከቀረው ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ሣር መዝዤ፣ አንዱን ጥንድ በቀዝቃዛ ሌላውን በለብ ባለ ውኃ ነክሬ፣ ቀለሙ የትኛው ላይ ቶሎ እንደሚለቅ ማየት ጀመርኩ። ሥራዬ የተጀመረው በዚያች ደቂቃ ነው።

በእጃችሁ ልትሠሩት አስባችሁ የተዋችሁት ነገር አለ? ወንበር ይሁን፣ የቆዳ ቦርሳ፣ የልጅ አልጋ፣ ጥልፍ? ብዙዎቻችን የምንተወው ስንፍና ይዞን አይመስለኝም። ቁሳቁሱን ሳንተዋወቀው ትልቁን ሥራ እንጀምርና የመጀመሪያው ስህተት ያስደነግጠናል። «ጥናት» ሲባል ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይታየናል። የዕደ ጥበብ ጥናት ግን ከአንድ ሣር፣ ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ፣ ከአንድ ጣት ይጀምራል። ስትጠመጥሙት ይሰበራል? ስታርሱት ያብጣል? ፀሐይ ላይ ስታኖሩት ይለቃል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የጠየቀ ሰው ሥራውን ጀምሯል፤ ግማሹን መንገድም ሄዷል።

ሠፈራችን ውስጥ ስፌት የሚሰፉ እናት አሉ። ያን ሰሞን እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ባዶ እጄን ነበር፤ «እማማ፣ ስፌት እንዴት ነው የሚሰፋው?» አልኳቸው። «እየሰፉ ነዋ ልጄ!» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። እውነታቸውን ነው። እንዲያ ያለ ሰፊ ጥያቄ መልስ የለውም። በማግስቱ ሩብ ኪሎ ቡናና አንድ እፍኝ የተሰበረ አክርማ ይዤ ተመለስኩ።

«እማማ፣ ስጠመጥመው እንዲህ እየተሰበረ አስቸገረኝ።»

ከእጄ ተቀብለው አዩት። ከራሳቸው ዕቃ አንድ ዘለላ መዘዙና በሌባ ጣታቸው ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙት። «እንዲህ አድርገሽ እዪው። ከተሰነጠቀ ገና አልራሰም። ካንጠባጠበ ደግሞ በዝቶበታል፤ ሲደርቅ ይከሳልና ስፌቱ ይላላብሻል።» ከዚያም እርጥብ ጨርቅ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። የሚሰፉበትን ብቻ በጨርቁ ጠቅልለው አጠገባቸው አስቀምጠዋል፤ የቀረው ደረቅ እንደሆነ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «በክረምት ካሳደርሽው ይሻግታል» አሉኝ።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሰማሁትን ብቻዬን ብሆን በአምስት ወር አላገኘውም ነበር። ስለዚህ አጥብቄ የምመክራችሁ ይህን ነው፤ ወደ ባለሙያ ስትሄዱ የተበላሸባችሁን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። የተሰበረ ሣር፣ የተሰነጠቀ ጣውላ፣ የተጨማደደ ቆዳ ይዛችሁ። ባለሙያ ሰው የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁ አያስችለውም፤ ያስተካክለዋል፤ ሲያስተካክልም ታያላችሁ። ጊዜያቸውንም አክብሩ። የሚሸጡት ካለ ግዙ፤ የማይሸጡ ከሆነ ቡናም ስኳርም አለ።

ሁለተኛው መምህሬ አያቴ ትታልን የሄደችው፣ ጠርዙ የተበላ ሰፌድ ነበር። በእጅ ያለ ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ለዓመታት ከጓዳ በር ኋላ ተሰቅሎ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። አወረድኩት። ለመፍታት ስዘጋጅ እጄ ትንሽ ፈራ። ግን የተበላው በኩል ራሱ ተከፍቶ ይጠብቀኝ ስለነበር ከዚያው ጀመርኩ። አክርማውን በወስፌ ጫፍ ቀስ እያልኩ ሳላቅቀው የሚሠራበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አንድ ቀጭን እስር ስንደዶ መሃል ላይ ይተኛል፤ አክርማው አዲሱን ዙር ጠቅልሎ ወርዶ የታችኛውን ዙር ይነክስና ይመለሳል። ወስፌ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ሣሩ ይገባል፣ ይጠብቃል። ሰፌዱ በሙሉ ይህ አንድ እንቅስቃሴ ሲደጋገም ነው።

በአንዱ ዙር ውስጥ 14 ስንደዶ ቆጠርኩ። ቀጥሎ ባለው ላይም 14። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስንደዶዋን ግን ቆጥራ ነበር! አንዱ ስንደዶ ሲያልቅ የሚቀጥለው የገባው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቦታ አልነበረም፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ጣት ያህል አለፍ ብሎ፣ እየተፈራረቀ። ዙሩ አንድም ቦታ ላይ ያላበጠው፣ አንድም ቦታ ላይ ያልቀጠነው ለዚህ ነው። ይህን የትም አልተማርኩትም፤ ከተበላው ሰፌድ ላይ አነበብኩት። ቤታችሁ ውስጥ ያረጀ ወንበር ካለ ገልብጡት። ያረጀ ቦርሳ ካለ ገበሩን ፍቱት። ዕቃ ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ የተሠራበትን ምሥጢር የሚናገረው ግን በውስጥና በታች በኩል ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ደብተሬን የከፈትኩት። ወደ ትልቁ ሥራ ከመግባቴ በፊት ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ክብ ሰፋሁ፤ ሰዓቴንም ያዝኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ዙሬ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም ነበር። ስፌት እንደ ገመድ እየተጠቀለለ የሚሄድ ስለሆነ፣ የገጹን ስፋት በዙሩ ውፍረት ካካፈላችሁት ገመዱ ተፈትቶ ቢዘረጋ ስንት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ትንሿ ክብ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ያህል ወጣች። የፈለግሁት የመብራት ሽፋን፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ድቡልቡል፣ 23 ሜትር ተኩል ደረሰ። የትንሿን 18 እጥፍ ማለት ነው። ሦስት ሰዓት በ18፣ 54 ሰዓት። በየሴንቲ ሜትሩ አራት ጊዜ ስወጋ ከ9,000 በላይ የወስፌ ቀዳዳ።

ቁጥሩን ስታዩ ትደነግጡ ይሆናል። እኔ ግን በጣም ነበር የተደሰትኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊቴ የቆመው ጫፉ የማይታይ ተራራ ነበር፤ አሁን በየምሽቱ አንድ ሰዓት ብሰጠው ሁለት ወር የማይሞላ ሥራ ሆነ። ስንት እስር ስንደዶ እንደምገዛም አወቅሁ። ሕልም ወደ ሰዓትና ወደ ሜትር ሲመነዘር ከደረት ላይ ሸክም ይወርዳል፤ ሞክሩትና እዩ።

ለቀለሙም እንዲሁ አደረግሁ። ከየአለላው አምስት አምስት ዘለላ ወስጄ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ መስኮት ላይ ለሁለት ሳምንት ተውኩት። ካርቶኑን ሳነሣ አረንጓዴው ባለበት አለ፤ ሐምራዊው ግን ፀሐይ ያገኘው በኩል ደብዝዟል። ነጭ ጨርቅ አርጥቤም ሁሉንም አሸሁ። ጨርቁን ያቀለመውን ቀይ ከሥዕሌ ላይ ሠረዝኩት። በጣም የምወደው ቀለም ነበር፤ አዘንኩ። ግን በዚያ ቀን የጠፋው አምስት ዘለላ ሣር ብቻ ነው።

አምፖሉን በተመለከተ ጥንቃቄ አታጓድሉ። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን የሚለውጠው ወደ ሙቀት ነው፤ ደረቅ ሣር ደግሞ እሳት ይወዳል። 9 ዋት ያህል የሆነ የኤልኢዲ አምፖል የድሮውን 60 ዋት ያህል ያበራል፤ ሙቀቱ ግን በጣም ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ሣሩ አምፖሉን እንዳይነካው ርቀት ተውኩለት፤ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ለባለሙያ ሰጠሁ። ደግሞ የአምፖሉ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቱ። 2,700 ኬልቪን የሚለው ቢጫማ ሞቅ ያለ ብርሃን ነው፤ 6,500 የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። ትንሿን ክብ በሁለቱም ፊት አነሣኋት። በነጩ ሥር ስንደዶው አመድ መሰለ፤ በቢጫማው ሥር እንደ መኸር ማሳ ወርቅ ሆነ። ምርጫው በአንድ ቅጽበት አለቀ።

የሌሎችን ሥራ ለማየትም አንድ እሑድ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሄጄ ከስፌቶቹ ፊት ቆሜ ዋልኩ ማለት ይቻላል። ሐረር ለመሄድ ዕድሉ ያላችሁ ደግሞ በጀጎል ውስጥ ባሉት የሐረሪ ቤቶች ግድግዳ ላይ በረድፍ የተሰቀሉትን ስፌቶች እዩ፤ ቀለምን ከቀለም ጋር ማጋባት እንዲህ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ «ስንደዶ ከየት አመጣለሁ?» የምትሉም እጅ አትስጡ። ለውስጡ የጥጥ ገመድ፣ ለመጠቅለያው ራፊያ የተባለው የዘንባባ ቃጫ ይሆናል፤ የዕደ ጥበብ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይይዙታል። ጣት ላይ የመጠምጠሙ ፈተና ለራፊያም ይሠራል። አገር ቤት ያለን ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ስንደዶ የሚነቀልበትን መስከረምን ብንጠብቅ ትኩሱን ከባለቤቱ እጅ እናገኛለን።

ጥናቱ በአጠቃላይ ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። ስፌቱ 54 ምሽት ይፈጃል ብዬ የገመትኩት 61 ሆነ፤ አንዳንዱን ዙር ፈትቼ ስለሰፋሁት ነው። በመስከረም አጋማሽ ሰቀልኩት። ማታ ሲበራ በስፌቱ ክፍተቶች መሃል ያለፈው ብርሃን ጣሪያው ላይ ዙር በዙር ተሣለ። እንደ አያቴ ሰፌድ 14 ስንደዶ የያዘው ዙር ሁሉ አንድ ቀለበት ጥላ ሠርቷል።

ያን ማታ እማማን ቡና ጠርቻቸው ነበር። ገብተው ቀና ብለው አዩት። ምንም አላሉም። ወንበር አስጠግተው ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ። ሁለተኛው ቡና ከመቀዳቱ በፊት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣

«እዚያ አናቱ ላይ፣ ገመዱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ ስፌቱ ሳይፈታ እንዴት አድርገሽ ተውሽለት?» አሉኝ።

ደብተሬን አመጣሁና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች የሞከርኩበትን ገጽ ከፈትኩላቸው። ትንሿን ክብ ከገጹ ላይ አንሥተው በእጃቸው ገለባበጧት፤ ከዚያም ነጠላቸውን ወደ ኋላ አጣፍተው፣ «በይ ወስፌሽን ወዲህ በይ» አሉኝ።