የምንጩ ጠባቂ ማን ነው?
በተራራማ አካባቢ ስለ መጠጥ ውኃና ስለ ንጽሕና አጠባበቅ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

የደረስጌ ማርያም ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ታሪኳን ነው፤ ደጃዝማች ውቤ ያሳነጿት፣ ዐፄ ቴዎድሮስም በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ናትና። በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ግን በዚያ አገር ከየደጁ ወደ ሸለቆ ስለሚወርደው የውኃ መንገድ ነው።

የሰሜን ተራሮች ለተከዜ የሚገብሩ ብዙ ጅረቶች መነሻ ናቸው። ይሁን እንጂ ከዳባትና ከደባርቅ ጀምሮ እስከ ጃናሞራ ድረስ ሰው የሰፈረው ባመዛኙ በአምባውና በሸንተረሩ ላይ ሲሆን በበጋ ውኃ የሚገኘው በሸለቆው ውስጥ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ባዶውን ይዘው የወረዱት ቁልቁለት ሞልተው ሲመለሱ ዳገት ይሆናል። ሸክሙ በማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ ለአንባብያን መንገር አያስፈልገንም።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምንጭ አለን ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ከመንደራችን በላይ ምንጭ አለን ወይ?» ተብሎ ነው። ከላይ የሚፈልቅ ምንጭ ነዳጅም ሞተርም ሳያሻው በራሱ ክብደት በቧንቧ ወርዶ ቦኖው ድረስ ይደርሳል። ከታች ያለው ግን ወይ በቦታው ጎልብቶ ይቀዳል፣ ወይ በሞተር ይሳባል፤ ሞተር ደግሞ መለዋወጫና ባለሙያ ይጠይቃል።

ቀጥሎ የምንጩ መጠን ይለካል። በዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚፈጸም ስሕተት አለ፤ ኮሚቴው ምንጩን ለባለሙያ የሚያሳየው በመስከረም ነው። በመስከረም ውኃ የማያፈልቅ ተራራ የት አለ? ትክክለኛው ጊዜ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ነው። አለካኩን ማንም ሰው ይችለዋል። ምንጩን በጭቃ ገድቦ በአንድ ቱቦ እንዲወርድ ማድረግ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ መደቀን፣ እስኪሞላ ድረስ በሰዓት መቁጠር ነው፤ ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዛል።

ለምሳሌ ጀሪካኑ በ100 ሰከንድ ቢሞላ ምንጩ በሰከንድ 0.2 ሊትር፣ በቀንና በሌሊት 17,280 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር፤ በዚህ ስሌት ምንጩ ለ690 ሰዎች ያህል ይበቃል። ማጠራቀሚያ ገንዳ ከሌለው ግን የሌሊቱ ውኃ ፈስሶ ይቀራል። ሰው በሚቀዳባቸው ስምንት ሰዓታት ብቻ የሚገኘው 5,760 ሊትር ስለሆነ ለ230 ሰዎች ብቻ ይደርሳል። የግንባታው ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ጊዜ ከዕቅዱ መጀመሪያ የሚቀነሰው ገንዳው በመሆኑ ይህን ሒሳብ ኮሚቴው በቃሉ ቢያውቀው መልካም ነው።

ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ውኃ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት አንድ ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። ምንጩ ከቦኖው 150 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ከሆነ፣ ቦኖዎቹ በተዘጉ ጊዜ በታችኛው ቧንቧ ላይ የሚያርፈው ግፊት 15 ባር ይደርሳል፤ 10 ባር እንዲችል የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ ይህን አይችልም። ስለዚህ በመንገዱ መካከል የግፊት መስበሪያ ሣጥን ይሠራል። ውኃው በዚያ ሣጥን ውስጥ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ግፊቱን ይጥልና እንደ አዲስ መውረድ ይጀምራል። ሣጥኑ ለሚያየው ሰው ተራ የሲሚንቶ ሥራ ነውና ጥቅሙን ያላወቀ እረኛ ክዳኑን አንሥቶ ከብቱን ያጠጣበታል። እረኛውን ከመውቀሳችን በፊት «ከብቱስ የት ይጠጣ?» ብለን እንጠይቅ። ከገንዳው የሚተርፈውን ውኃ ወደ ከብት ማጠጫ የሚያደርስ ቧንቧ በዕቅዱ ካልገባ ክዳኑ ስንት ጊዜ ቢጠገን ተመልሶ መሰበሩ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ማን ይጠብቀው? በክልላችን በተግባር የተፈተነ መልስ አለ። በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የገንዘቡ መንገድ ተለወጠ። የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም በአብቁተ (በዛሬው ፀደይ ባንክ) በኩል በቀጥታ ተጠቃሚው ሕዝብ ለመረጠው የውኃ ኮሚቴ እንዲደርስ ተደረገ። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ ሥራውን አይቶ ክፍያ የሚፈጽመው ኮሚቴው ሆነ፤ የወረዳው ድርሻ ማሠልጠንና መቆጣጠር ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ኮዋሽ» በተባለው ፕሮጀክት አማካይነት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል። ቧንቧውን ራሱ ገዝቶ ያስቀበረ ሰው በተሰበረ ጊዜ የት እንደሚሸጥና ዋጋው ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ማመልከቻ ጽፎ መልስ እስኪመጣለት አይቀመጥም።

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤው የት ይቁም? ሕዝቡ በቀላሉ የሚሰበሰበው በቤተ ክርስቲያን አደባባይ ነው፤ በቃለ ዐዋዲው መሠረት ከካህናትና ከምእመናን የተዋቀረ፣ ገቢና ወጪውን በመዝገብ የሚይዝ ጉባኤም አለ። ከዚህ የተነሣ «የውኃውን ነገር ሰበካ ጉባኤው ይያዘው» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም እኛ አንመክረውም። ቦኖው የሌላ አጥቢያ ምእመንም፣ ሙስሊም ጎረቤትም ይቀዳበታል፤ የሚከፍል ሁሉ ሒሳቡን የመጠየቅ መብት አለው። ደግሞም ሁለቱ ገንዘቦች በአንድ ሣጥን ከገቡ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ባፈሰሰ ጊዜ ከውኃው ብር መበደር ይመጣል፤ የዚህ ዓይነት ብድር ደግሞ ሲመለስ አይታይም። የሚሻለው የውኃ ኮሚቴው ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሆነው በጠቅላላ ሕዝቡ ተመርጦ፣ የራሱ መዝገብና የባንክ ሒሳብ ኖሮት፣ ካህኑ እንደ አንድ አባል ወይም እንደ ታዛቢ ቢገኝበት ነው። ሰበካ ጉባኤው የመዝገብ አያያዝ ልምዱን ያበድር፣ በየሦስት ወሩም ሒሳቡ በአደባባይ የሚነበብበትን ቀን ያሳውቅ።

ስለ ክፍያው አንድ ምሳሌ እንስጥ። 80 አባወራዎች በወር 10 ብር ቢከፍሉ በዓመት 9,600 ብር ይሰበሰባል። ይህ ገንዘብ በመጀመሪያ የቦኖ ጠባቂውን አበል፣ ከዚያም የቧንቧ መክፈቻና መጋጠሚያ ዋጋ መሸፈን አለበት፤ የማይሸፍን ከሆነ ዋጋው የተተመነው ለይስሙላ ነው። በወር መክፈል የሚከብደው ገበሬ በመከር ጊዜ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ይክፈል። ለአቅመ ደካሞች የሚደረገው ምሕረትም በቃል ሳይሆን በጉባኤ ተወስኖ በመዝገብ ይስፈር።

ከሁሉ የሚከብደው የምንጩ አናት ጉዳይ ነው። ምንጩ የሚፈልቀው በአንድ ሰው ይዞታ ውስጥ፣ የሚጠቀሙት ደግሞ ከታች ያሉት ናቸው። ዙሪያው ይታጠር፣ እርሻም ግጦሽም ይቁም፣ ባሕር ዛፍ ይነቀል ሲባል የሚጎዳው የላይኛው ሰው ነው። የይስሐቅ እረኞች በጌራራ በውኃ ጉድጓድ ተጣልተው በነበረ ጊዜ ይስሐቅ እየለቀቀ ሌላ አስቆፈረ፤ የእኛ መንደር ግን ከበላዩ ያለው ምንጭ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የንስሐ አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ግንባታው ሳይጀመር በፊት ገብተው፣ ለባለ ይዞታው የሚገባው ካሣ ወይም ምትክ የሣር መሬት ተወስኖ፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ የሚደረግ ሽምግልና ዋጋው ብዙ ነው። ለጥላውም ቢሆን ከቤተ ክርስቲያን ደን የወይራና የጽድ ችግኝ ወስዶ በምንጩ ዙሪያ መትከል ለአብዛኛው አጥቢያ የሚቻል ሥራ ነው።

ንጹሕ ውኃ ያለ መጸዳጃ ቤት ንጹሕ ሆኖ አይቆይም፤ በተራራ ላይ ቆሻሻ የሚሄደው ወደ ታች ነውና። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጩ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር። ድንጋያማ በሆነ ቦታ ጥልቅ መቆፈር ካልተቻለ ከመሬት በላይ በድንጋይ ተገንብቶ ከፍ ሊል ይችላል። ሜዳ ላይ የተጣለ ዓይነ ምድር ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የሚያመላልሰው ዝንብ የሚራባበት ነው፤ ክልላችንም በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት አንዱ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ለእስራኤል ሰፈር ከሰፈሩ ውጭ ቦታ እንዲለይ፣ ተቆፍሮም እንዲሸፈን ሥርዓት ተሠርቶ ነበርና ካህናት ይህን ከዐውደ ምሕረት ማስተማር ሊያሳፍራቸው አይገባም። የአብነት ተማሪዎች ጎጆዎች በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተጠጋግተው በሚገኙበት፣ በንግሥ ዕለትም ሺህ ሰው በሚያድርበት ቅጥር አጠገብ ለወንድና ለሴት የተለየ መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ከሌለ ግን ትምህርቱ የሚሰማው አያገኝም።

በመጨረሻ ስለ ጠበል እናንሣ። ሕሙማን የሚጠመቁበት ስፍራ የመጠጥ ውኃ ከሚቀዳበት በላይ የሚሆንበት ቦታ አለ። ጠበሉን ማክበርና የታችኛውን ቀጂ መጠበቅ የሚጋጩ አይደሉም፤ የመጠመቂያው ፍሳሽ በተለየ ቦይ ከመቅጃው ርቆ እንዲወርድ፣ የሚጠጣውም ጠበል ከዓይኑ በቱቦ ተለይቶ እንዲቀዳ ማድረግ ይቻላል። የቦዩን አቅጣጫ ለመወሰን የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የውኃ ኮሚቴውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቦታውን በአንድነት ዞረው ይዩት፤ ይህም የመጀመሪያው ጎርፍ በሚወርድበት በሰኔ ቢሆን ውኃው የሚሄድበትን መንገድ ራሱ ያሳያቸዋል።