ጊደር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጠቃት መድረሷን እንዴት እንለያለን?

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የወተት ላሞችን ለሚያረቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው።

1. መግቢያ

በአገራችን የምርምር ማዕከሎች፣ ከእነዚህም መካከል በሆለታ፣ በባኮና በአዳሚ ቱሉ፣ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ፍሪዥያንና ጀርሲን የመሳሰሉ የውጭ ዝርያዎች ከቦረናና ከሌሎች የአገር ውስጥ ከብቶች ጋር ሲዳቀሉ ቆይተዋል። ከዚህ የተገኘችውን ዲቃላ ጊደር አንድ ገበሬ ወይም አንድ ማኅበር የሚገዛት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ነው። ይህ ገንዘብ መመለስ የሚጀምረው ጊደሯ በደኅና ወልዳ ስትታለብ ብቻ ነው።

ወደ ገበሬዎች ስንሄድ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄ «ጊደሬን ስንት ዓመት ሲሞላት ላስጠቃት?» የሚል ነው። መልሳችን «ዓመቷን ሳይሆን ክብደቷን ተመልከቱ» የሚል ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

2. ዕድሜ ብቻውን ለምን አይበቃም?

በአንድ ወር የተወለዱ ሁለት ጊደሮች አንዷ ድርቆሽና ፋጉሎ፣ ሌላዋ ገለባ ብቻ እየበሉ ቢያድጉ ዕድሜያቸው እኩል፣ ሰውነታቸው ግን የተለያየ ይሆናል። ጥርስ ማየትም ቢሆን የሚነግረን ዕድሜን ብቻ ነው። ሁለቱ የፊት ቋሚ ጥርሶች በ2 ዓመት አካባቢ መውጣታቸው ጊደሯ ለእርግዝና ደርሳለች ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ድራትም ያሳስታል። ጊደር አብዛኛውን ጊዜ መድራት የምትጀምረው ካደገች ላም ክብደት ግማሽ ያህሉን ስትይዝ ነው። በዚህን ጊዜ ማርገዝ ትችላለች፤ የዳሌዋ አጥንት ግን ጥጃ ለማሳለፍ ገና አልሰፋም።

3. መቸኮልም መዘግየትም ጉዳት አለው

ያለጊዜዋ የተጠቃች ጊደር ምጥ ይጠናባታል። ጥጃው ይሞታል፤ አንዳንድ ጊዜም እናቲቱ አብራ ትሞታለች። ብትተርፍም እድገቷ ይቀጭጫል፣ ወተቷ ያንሳል፣ እንደገና ለመድራትም ብዙ ወራት ትወስዳለች።

በሌላ በኩል የደረሰች ጊደርን ያለ ምክንያት ማቆየት ኪሳራ ነው። በብዙ ቦታ የአገር ውስጥ ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው በ4 ዓመቷ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። በ3 ዓመቷ መውለድ ስትችል እስከ 4 ዓመት የቆየች ጊደር የአንድ ዓመት መኖ ያለ ወተት በልታለች ማለት ነው።

4. ክብደትን መገመት

ጊደር መጠቃት ያለባት ካደገች ላም ክብደት ከ60 እስከ 65 በመቶ ስትደርስ ነው። ለማነጻጸሪያ እናቷን ወይም በመንጋው ውስጥ ተመሳሳይ ደም ያላትንና ሦስት ጊዜ የወለደችን ላም እንውሰድ። ላሚቱ 400 ኪሎ ግራም ብትመዝን ጊደሯ ከ240 እስከ 260 ኪሎ ግራም መድረስ አለባት።

ሚዛን በሌለበት ቦታ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፦

ሀ. ጊደሯን ጠዋት ሳትበላና ሳትጠጣ በደልዳላ መሬት ላይ ማቆም፤
ለ. ከሻኛዋ በስተኋላ፣ ከፊት እግሮቿ ጀርባ ደረቷን ዙሪያውን መለካት፤
ሐ. ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ጫፍ ርዝመቷን መለካት፤
መ. የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን በርዝመቱ ማባዛትና ለ10,840 ማካፈል።

ምሳሌ፦ የደረት ዙሪያ 150፣ ርዝመት 118 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 150 × 150 × 118 ÷ 10,840 = 245 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ግምት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል።

5. ሰውነቷን መመርመር

ክብደቷ ቢሞላም የሚከተሉትን ማየት ያስፈልጋል፦

ሀ. የጎድን አጥንቶቿ ከሩቅ የሚቆጠሩ ከሆነ መኖ ይጨመርላት። በጣም የሰባች ጊደርም ጥሩ አይደለችም፤ ስቡ መውለጃዋን ያጠብባል።
ለ. ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ከ10 ዘጠኝ ጊዜ ያህል መካን ናት። ስለዚህ ጊደር ሲገዛ አወላለዷን መጠየቅ ይገባል።
ሐ. ክብደቷ ሞልቶ ካልደራች የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት። የሆድ ትላትልና የማዕድን ጨው እጥረትም ድራትን ያዘገያሉ።

6. የድራት ምልክትና የማስጠቂያ ጊዜ

ድራት በየ21 ቀኑ ገደማ ይመላለሳል። የደራች ጊደር ትቁነጠነጣለች፣ ትጮኻለች፣ ከብልቷም ጥርት ያለ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይወርዳል። ዋናው ምልክት ግን ሌሎች ከብቶች ሲወጡባት ሳትሸሽ ጸጥ ብላ መቆሟ ነው። የአገር ውስጥ ከብቶች ድራት አጭር ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ በሌሊት ስለሚታይ፣ ንጋት ላይና ሲመሽ ለግማሽ ሰዓት ያህል መንጋውን መመልከት ያስፈልጋል።

በሰው ሠራሽ ዘዴ ለማዳቀል፣ ጠዋት የደራችው ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የደራችው በማግስቱ ማለዳ ለአዳቃዩ ትቅረብ። ለመጀመሪያ ወሊድ ትንንሽ ጥጃ የሚያስወልድ ኮርማ ይመረጥ። ትንሽ ሰውነት ላላት ጊደር ከፍሪዥያን ይልቅ ጀርሲ ይሻላል።

7. ከተጠቃች በኋላ

ሥራው በዚህ አያበቃም። እርግዝናዋ 280 ቀናት ያህል ይቆያል። ስትወልድ ካደገች ላም ክብደት 85 በመቶ መድረስ አለባት። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ይህ 340 ኪሎ ግራም ነው። በ250 ኪሎ ግራም የተጠቃች ጊደር እንግዲህ 90 ኪሎ ግራም፣ ማለትም በቀን 320 ግራም ያህል መጨመር ይኖርባታል። ይህ በደረቅ ወራት ከገለባ ብቻ አይገኝም። ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ አስቀድሞ ይዘጋጅ። መኖው ከሌለ ማስጠቃቱን መኖ እስኪገኝ ማቆየት ይሻላል።

8. የልማት ሠራተኛው ምን ያድርግ?

ብዙውን ጊዜ ጊደር ያለጊዜዋ የምታረግዘው በባለቤቷ ፈቃድ ሳይሆን በግጦሽ ላይ ባገኛት ኮርማ ነው። ዲቃላ ወይፈን ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ሊያስረግዝ ይችላል። ስለዚህ፦

ሀ. ወንድ ጥጆች 8 ወር ሲሞላቸው ከጊደሮች ይለዩ፤
ለ. የማኅበሩ ጊደሮች በየወሩ በሜትር ተለክተው በመዝገብ ይጻፉ፤
ሐ. የመጀመሪያው ድራት ቀን ይመዝገብ፤ ክብደቷ ካልሞላ ግን ትታለፍ፤
መ. ያልደረሰች ጊደር በድንገት ከተጠቃች ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። በጊዜ ከተደረሰበት እርግዝናውን ማቋረጥ ይቻላል፤ በምጥ ሰዓት የሚደረግ ርዳታ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘገያል።

አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ብዙ ወጪ አይጠይቁም። በየጣቢያው ያላችሁ ሠራተኞች በመጪው ወር በአካባቢያችሁ ካሉት ጊደሮች ቢያንስ ጥቂቶቹን ከባለቤቶቻቸው ጋር ሆናችሁ በመለካት ሥራውን እንድትጀምሩ እናሳስባለን።