የአነስተኛ ቢራ መጥመቂያ ሒሳብ ከውኃ ይጀምራል
ለሰቆጣ የሚስማማ መጥመቂያ ምን ይመስላል?

የቢራ ኢንቨስትመንት ሲነሣ የአብዛኛው ባለሀብት ዓይን የሚያርፈው በትልልቆቹ ፋብሪካዎች ላይ ነው። ለመሆኑ እንደ ሰቆጣ ባለ የደጋ ከተማ፣ የአካባቢውን ገጽታ ሳያበላሽ አነስተኛ መጥመቂያ መትከል ያዋጣል?

የጃፓን ልምድ ጥሩ መነሻ ነው። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 ለቢራ ፈቃድ ይጠየቅ የነበረውን ዝቅተኛ ዓመታዊ ምርት ከ2 ሚሊዮን ሊትር ወደ 60 ሺህ ሊትር ዝቅ አደረገ። በገጠር የነበሩ የሩዝ መጠጥ ጠማቂዎችም ወደ ቢራ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1823 የተቋቋመው ኪውቺ፣ በ1996 ቢራ መጥመቅ ከጀመሩት አንዱ ነው።

ይህንኑ 60 ሺህ ሊትር ለሰቆጣ እናስላው። በቀን ሲካፈል 164 ሊትር ገደማ ነው። ለአንድ ሊትር ቢራ 200 ግራም ብቅል ቢገባ፣ የዓመቱ ፍጆታ 120 ኩንታል ይሆናል። ይህ ከባድ አይደለም። ከባዱ ውኃው ነው። ማጠቢያውን ጨምሮ ለአንድ ሊትር ቢራ 6 ሊትር ውኃ ቢታሰብ በቀን ወደ አንድ ሺህ ሊትር፣ ማለትም ሃምሳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈለጋል። ዝናብ በሚያጥረው ዋግ ኽምራ ይህን ያህል ውኃ ከነዋሪው ቦኖ መሻማት ንግዱን ገና ሳይጀመር ያስጠላዋል።

ስለዚህ ንድፉ ከጣሪያው ይጀምር። በ200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 100 ሺህ ሊትር ነው። ብክነቱን ሳንቆጥር ከዓመቱ ፍላጎት ከሩብ በላይ ይሸፍናል። የማቀዝቀዣው ውኃ ተጠራቅሞ ለቀጣዩ ጥምቀት ከዋለ ደግሞ ፍጆታው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕንፃው ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ስለሚከላከል ለመፍያ ክፍሉ ተስማሚ ነው። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ብቅሉን ከላይ፣ መጥመቂያውን መሐል፣ መፍያ በርሜሉን ከታች ማድረግ የፓምፕ ወጪ ይቆጥባል። በ20 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ የቢራ ዓይነት ቢመረጥ፣ በ10 ዲግሪ ገደማ ከሚፈላው ይልቅ የማቀዝቀዣ ወጪው ይቀላል። ከፍታውም አይዘንጋ። በ2,200 ሜትር ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መራራው ቅመም በደንብ እንዲወጣ ማፍያው ጊዜ ይረዝማል፤ ነዳጅም ይጨምራል።

ሦስተኛው ገበያው ነው። ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ቀድመው በገበያው ውስጥ አሉ። ቢራ ኤክሳይስ ታክስ ስላለበት በዋጋ ከጠላ ጋር ልወዳደር የሚል ባለሀብት ይከስራል፤ ቢያሸንፍም መንደሩን ያስቀይማል። የሚያዋጣው የጠላ ጠማቂዎችን የጌሾና የጥንስስ ዕውቀት በደመወዝ ማስገባት፣ ቢራውንም ለእንግዳና ለሆቴል ማቅረብ ነው። ከ100 ኪሎ ብቅል ከ100 ኪሎ የማያንስ እርጥብ አተላ ስለሚወጣ፣ ይህም በዙሪያው ላሉ ከብት አርቢዎች መኖ ይሆናል።

እንግዲህ ወደዚህ መስክ ለመግባት የሚያስብ አንባቢ የማሽን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ ውኃው ከየት ይመጣል? አተላው ወዴት ይሄዳል? ጠላ ሻጯስ ምን ታገኛለች? ለሦስቱም መልስ ያላገኘ ገንዘቡን በኪሱ ቢያቆይ ይሻለዋል።