ሰው መሰል ሮቦትና የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2018 ሶፊያ የተባለችው ሰው መሰል ሮቦት አዲስ አበባን በጎበኘች ጊዜ የብዙዎችን ዓይን የሳበው ፊቷና ንግግሯ ነበር። ሮቦቷን የሠራው ሃንሰን ሮቦቲክስ የተባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ሲሆን፣ በሶፍትዌሯ ሥራ ላይ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል። ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ግን ከፊቷ ይልቅ ቁም ነገሩ ከበስተጀርባ ያለው የትእዛዝ ቅደም ተከተል ነው።

ሮቦት ለማስተማሪያነት ለምን ተመረጠ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሲይሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሕፃናት አዘጋጁ፤ በኋላም «ኤሊ» የተባለች ትንሽ ሮቦት በዚሁ ቋንቋ እየታዘዘች ወለል ላይ ሥዕል እንድትሥል አደረጉ። በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች የገባው ናኦ ደግሞ በፈረንሳዩ አልዴባራን ኩባንያ የተሠራ፣ 58 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ሰው መሰል ሮቦት ነው። በካሜራ ያያል፤ በማይክሮፎን ይሰማል፤ በድምፅ ሞገድ ርቀት ይለካል።

የሮቦት ትልቁ ጥቅም ስሕተትን በዓይን ማሳየቱ ነው። የሚከተለውን ፕሮግራም እንመልከት፦

1. ከፊትህ ያለውን ርቀት ለካ፤ ውጤቱን መዝግብ።
2. የተመዘገበው ርቀት ከ1 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ አንድ እርምጃ ተራመድና ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመለስ።
3. ካልሆነ ቁም።

ሮቦቱ ግድግዳ ሳይነካ ይቆማል። አሁን በተራ ቁጥር 2 ላይ «ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመለስ» የሚለውን «ወደ ተራ ቁጥር 2 ተመለስ» ብለን እንለውጠው። መጀመሪያ የተመዘገበው ርቀት 3 ሜትር ከነበረ፣ ሮቦቱ ዳግመኛ ስለማይለካ ሁልጊዜ 3 ሜትር እንደቀረው ይቆጥራል፤ ከግድግዳውም ጋር ይጋጫል። የተለወጠው አንድ አኃዝ ብቻ ነው። ተማሪው በዚህ አንድ ምሳሌ ቅደም ተከተልን፣ ቅድመ ሁኔታን፣ ድግግሞሽንና የተመዘገበ ዋጋ በየጊዜው መታደስ እንዳለበት ይረዳል።

ሮቦት በሌለበት

በወላይታ ሶዶም ሆነ በዞኑ የገጠር ቀበሌዎች ያለ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ውድ መሣሪያ ለመግዛት አቅሙ ላይፈቅድለት ይችላል። ሆኖም ትምህርቱ በመሣሪያው እጦት መቅረት የለበትም። አንድ ተማሪ ዓይኑን በጨርቅ ተሸፍኖ «ሮቦት» ይሁን፤ ሁለተኛው «ለካ» የሚለው ትእዛዝ ሲደርስ ብቻ በሜትር እየለካ ርቀቱን ይንገረው፤ ሦስተኛው ትእዛዞቹን በተራ ያንብብ፤ አራተኛው ለጥንቃቄ አጠገቡ ይቁም። ትእዛዞቹ በወላይትኛም ሆነ በአማርኛ ቢጻፉ ሥነ አመክንዮው አንድ ነው። ዋናው ደንብ «ሮቦቱ» ያልታዘዘውን በራሱ ግምት አለመሥራቱ ነው። ሰው የጎደለውን ትእዛዝ በማስተዋል ይሞላል፤ ኮምፒዩተር ግን የተጻፈለትን ብቻ ይፈጽማል።

በዚህ ልምምድ ያለፈ ተማሪ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀርብ የሚቀረው የፕሮግራም ቋንቋውን ሰዋስው መማር ነው።

መልመጃ

የአንድ እርምጃ ርዝመት 50 ሴንቲሜትር ነው እንበል። በትክክለኛው ፕሮግራም ውስጥ «1 ሜትር» የሚለውን «20 ሴንቲሜትር» ብንለው፣ ሮቦቱ በየእርምጃው እየለካም ሊጋጭ ይችላል። ለምን? ትንሹ አስተማማኝ ወሰንስ ስንት ነው? ከጓደኞቻችሁ ጋር ሞክሩት።