አፍንጫና እንቅልፍ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ አፍንጫ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ የገባኝ ባለፈው በጋ አሶሳ ቤተሰቦቼ ዘንድ በሰነበትሁበት ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ በትምህርት ቤቱ «እንቅልፋም» የሚል ስም ወጥቶለት፣ ከክፍል እስከ መባረር ደርሶ ነበር። ሌሊት አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ የሰማ ሰው ግን ልጁ እንቅልፍ ያጣ እንጂ የበዛበት አለመሆኑን ይረዳ ነበር።

አፍንጫ ለማሽተት ብቻ አልተፈጠረም፤ የምንስበውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውንም ያጣራል። በዙሪያው ባሉት አጥንቶች ውስጥ አየር የያዙ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ ሳይነስ የሚባሉት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ሁላችንም «ሳይነስ አለብን»። ሕመም የሚሆነው የውስጣቸው ስስ ሽፋን ሲቆጣ ነው፤ ከ12 ሳምንት በላይ ሲቆይም ሥር የሰደደ ይባላል።

ታዲያ ሌሊት ለምን ይብሳል? ሰው ሲጋደም የአፍንጫው ደም ሥሮች በደም ስለሚሞሉ ቀን የጠበበው መተንፈሻ ሌሊት ይዘጋል። ንፍጡም ወደ ጉሮሮ እየወረደ ያስላል። በአፍ ሲተነፍስ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ያንኮራፋል፤ ሳይታወቀውም እንቅልፉ እየተቈራረጠ ስምንት ሰዓት ተኝቶ እንዳልተኛ ሰው ይውላል።

በአሶሳ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሣሩ ይደርቅና ይቃጠላል፤ በዚያ ላይ የማድቤቱ የእንጨትና የከሰል ጢስ አለ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችው፣ በባሕር ዛፍም አጠነችው። እንፋሎቱ ለጊዜው ቀለል አደረገለት፤ ነገር ግን ብርድ እንዳይገባ ብላ መስኮቱን ዘግታ ከጢሱ ጋር አስተኛችው። እርግጥ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ «መስኮት ክፈቱ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም፤ አገሩ ወባ ያለበት ነውና መጀመሪያ አጎበር መዘርጋት ያስፈልጋል።

ሐኪሙ ያዘዘው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጥቂት ጨው በጥብጦ አፍንጫውን እንዲያጥብ፣ ራስጌውን ከፍ አድርጎ እንዲተኛና ምድጃው ከመኝታው እንዲርቅ ነበር። ያልፈላ ውሃ በአፍንጫ ማስገባት አደገኛ ነው። አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ ደግሞ ከጥቂት ቀን በላይ እንዳይጠቀም አስጠነቀቀው፤ ሲዘወተር መልሶ ይዘጋልና። በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ ቆም እያለ በድንገት የሚያቃትት ሰው ግን በጨው ውሃ ሳይዘናጋ ሊመረመር ይገባዋል።

በሦስተኛው ሳምንት የወንድሜ ማንኮራፋት ቀነሰ። እናቴ አሁንም ያዳነው ዳማከሴው ነው ትላለች፤ እኔም አልተከራከርኋት፣ ምድጃውን ወደ ውጭ አውጥታልኛለችና።